ካፖርት ለብሶ ስለሚጠፋው ላፕቶፕ

ለተከበሩ የንብረት ጥበቃና የኮምፒውተር አገልግሎት መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እየጠየቅኩ፣ ዘወትር በመልካም ጤና እንዲሰነብቱልኝ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል እንዳይመስልዎ። አንድ ቀን ታመው ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ፣ የሚመረምርዎት ሰው በእርስዎ መምሪያ የሠለጠነ ሆኖ፣ እዚህ ስናይዎት ደህና ነዎት፣ ቤትዎ ሲገቡ የሚያምዎት በራስዎ አያያዝ ጉድለት ነው ብሎ እንዳይሸኝዎ እሰጋለሁና ነው። ከእንዲህ ያለው ሐኪም ፈጣሪ ይሰውርዎት።

እኔ በተቋማችን ምድር ቤት፣ ከወረቀት መጋዘኑ አጠገብ ባለችው ክፍል ተቀምጬ የተማሪዎችን መጻሕፍት ወደ ብሬል የምለውጥ ሠራተኛ ነኝ። ብሬል ዓይነ ስውራን በጣታቸው እየዳሰሱ የሚያነቡት በነጥብ የሚጻፍ ጽሑፍ መሆኑን ክቡርነትዎ አያውቁም ለማለት አልደፍርም፤ ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ክፍላችንን «እነዚያ ነጥብ የሚያበዙት» ብለው ስለጠሩት ብቻ ላስታውስዎ ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ በእጄ የጻፍኩትም ለእርስዎ ያለኝን አክብሮት በብዕር ለመግለጥ ሳይሆን፣ ላፕቶፔ በእርስዎ ትእዛዝ ተይዞ ንብረት ክፍል ስለሚገኝ ነው። በግልጽ የጻፍኩትም፣ በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሁሉ እንደታሸጉ ቀርተው ይሆናል ብዬ ስለጠረጠርኩ ነው።

አሁን በእጄ ያለው ሥራ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን የምትጠብቀው ተማሪ፣ በመኝታ ክፍሏ የሚነሳውን ጠብ ሁሉ ስለምትዳኝ ጓደኞቿ ዳኛዋ የሚሏት ልጅ ናት። ፊዚዮቴራፒ ለመማር ቆርጣለች፤ ለዚያ ደግሞ በመልቀቂያው ፈተና ባዮሎጂን በጥሩ ውጤት ማለፍ አለባት፤ ፈተናው ደግሞ ደርሷል። መጽሐፉ እስኪደርስላት ድረስ የምታነብላት አንዲት ጓደኛዋ ናት፤ ጓደኛዋ ደግሞ ልበ ቀና ብትሆንም ረጅም ቃል በገጠማት ቁጥር «ምናምን» ብላ የምታልፍ ናት። በዚህም የተነሳ ዳኛዋ ስለ ኩላሊት እስካሁን የምታውቀው፣ ኩላሊት ደምን ተቀብሎ ምናምን ካደረገ በኋላ ወደ ምናምን እንደሚልከው ነው። ፈታኞቹ ይህን መልስ የሚቀበሉ አይመስለኝም።

እንግዲህ አቤቱታዬንና ምስጋናዬን አጣምሬ በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. በመጀመሪያ ስለ ካፖርቱ አመሰግናለሁ። የተቋሙ ላፕቶፖች ከአቧራ፣ ከጭረትና ከሌባ እንዲጠበቁ በማሰብ፣ ለእያንዳንዳቸው ጥጥ የተሞላ ወፍራም አረንጓዴ ልብስ በልክ አሰፍተው፣ ከታችና ከጎን ጥርቅም አድርገው አልብሰው፣ ጫፉን በእርሳስ ማኅተም ማሳሸግዎ ከእርስዎ በቀር ለማንም የማይመጣ ሐሳብ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ በልኬ የተሰፋ ካፖርት ለብሼ አላውቅም። ለስክሪኑ፣ ለቁልፎቹና ለቻርጀሩ ቀዳዳ ሲተውላቸው፣ ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል በሚል የፍላሹ መሰኪያ ከውስጥ ተሰፍቶበት ቀርቷል። በዚህም ምክንያት ሥራዬን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጬ ማስቀመጥ ስለማልችል፣ ላፕቶፑ ሲወድቅ ሥራውም አብሮ ይወድቃል። ቫይረስ ግን አልገባም፤ ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ. ላፕቶፑ ካፖርቱን ከለበሰበት ቀን ጀምሮ ጠባዩ ተለወጠ። ጠዋት ሲከፈት ጨዋ ነው። ጥቂት እንደሠራን ከሆዱ ውስጥ እንደ ወፍጮ ማጓራት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ቁልፍ ስነካ እንደ ሰነፍ ተማሪ ቆይቶ ይመልስልኛል፤ ከዚያ ወይ ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ወይም ምንም ሳይል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ደም ከልብ ተነስቶ እግር ሳይደርስ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ እንደቀረብኝ እኔ አውቃለሁ። ሳንባ ላይማ ደጋግመን ስለወደቅን፣ አጠገቤ የምትሠራው አራሚ ሳንባ የሚለውን ቃል ስትሰማ ተነስታ ውኃ ልትጠጣ ትወጣ ነበር። በየመስመሩ ሴቭ ማድረግ ለምጄ ጣቴ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ ሳይቀር ሴቭ ማድረግ ያምረው ጀመር። ቆሽቴ አሯል፣ ክቡርነትዎ፤ ይህን በአክብሮት ነው የምገልጸው።

፫ኛ. ስለ ቴክኒሻኖችዎ ትጋት ሳላነሳ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ላፕቶፑን ይዤ አምስተኛ ፎቅ በወጣሁ ቁጥር በፈገግታ ተቀብለውኛል። ማኅተሙን ለመፍታት ሥልጣን ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸውና፣ በመመሪያው መሠረት መጀመሪያ ካፖርቱን ያወልቁለታል፤ ካፖርቱን አጣጥፈው መደርደሪያ ላይ ያኖሩታል፤ ላፕቶፑን ነፋስ በሚገባበት መስኮት ሥር ባዶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ይከፍቱታል። እሱም ግማሽ ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይጠፋ እንደ መልአክ ይሠራላቸዋል። እኔ በቆምኩበት ዓይኔን ማመን ያቅተኛል፤ እነሱም እኔን ማመን ያቅታቸዋል። «ብልሽት አልተገኘበትም፤ የተጠቃሚዋ አያያዝ ይስተካከል» ተብሎ ይጻፍና፣ ካፖርቱን መልሰው አልብሰው፣ አሽገው፣ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ ብለው ይሸኙኛል። ምሳ ሳይደርስ ይጠፋል።

ነገሩ ስላልተዋጠልኝ ደጋግሜ ብመላለስ፣ እነሱም ምክር አልነፈጉኝም። ቻርጀሩን ቀየሩልኝ። ሶኬት ቀይሪ አሉኝ፤ ጠረጴዛዬን ገፍቼ በሩ ሥር አደረግኩት፣ የሚገባው የሚወጣው ሁሉ ትከሻዬን እየመታኝ ሠራሁ። ሁለት ፋይል አንድ ላይ አትክፈቺ አሉኝ። አንደኛው በፍጥነት ስለምጽፍ ሊደነግጥ እንደሚችል ነገረኝ፤ ሌላው ነጥብ በዝቶበት ይሆናል አለኝ። በመጨረሻም ፎርማት እናድርገው ተባለና ውስጡ ያለው ሁሉ ተጠረገ፤ ስመለስ ያ ሁሉ የደከምኩበት የምግብ መፈጨት ምዕራፍ እሱ ራሱ ተፈጭቶ ጠበቀኝ። ያን ቀን የተናገርኩትን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ ሆድ ይፍጀው።

፬ኛ. ዳኛዋ አርብ አርብ ከክፍል ስትወጣ በትሯን ይዛ ምድር ቤት ትወርዳለች፤ ወንበር ስቤ አስቀምጣትና የደረስኩበትን እነግራታለሁ። ሁልጊዜ ወደኋላ ስንሄድ እንጂ ወደፊት ስንሄድ ሰምታ አታውቅም። አንድ ቀን ነገሩን በትዕግሥት ካዳመጠች በኋላ፣ «እትዬ፣ እኔ እንኳን አይቼው አላውቅ፤ እሱ ምን አይቶብኝ ነው እኔ ላይ የሚወድቀው?» አለችኝ። ሳቅኩ፤ እሷም ሳቀች፤ ስትወጣ ግን በሩን የዘጋችው እንደወትሮው አልነበረም። ይህን ጥያቄ የምመልስበት ስላጣሁ ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ፤ የሚመለከተው መምሪያ የእርስዎ ነውና።

እዚህ ላይ እናቴን ላስተዋውቅዎ ይፍቀዱልኝ። አብራኝ የምትኖር፣ ስምንት ልጅ ያሳደገች፣ ኮምፒውተር ከቴሌቪዥን የሚለየው በማነሱ ነው ብላ የምታምን ሴት ናት። ፈተናው ሲቃረብብኝ ከቅርብ አለቃዬ ፈቃድ አውጥቼ ላፕቶፑን ቅዳሜ ቤት ወሰድኩት። ምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ስጽፍ ማጓራቱን ጀመረ። እናቴ መነጽሯን አውልቃ ጠጋ አለች፤ በመዳፏ ከላይ ዳሰሰችው፤ መዳፏን በካፖርቱ ቀዳዳ ወደ ጎኑ ሰደድ አድርጋ ቶሎ መለሰችው። ከዚያ እኛን ሁላችንን ባሳደገችበት ድምፅ፣ «ይሄ ልጅ እኮ በትኩሳት ነዷል። ምን ሆነሽ ነው የምትጀቡኚው? አውልቂለት» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ነገር ዓለሙ ለካ ይኸው ነበር። ላፕቶፑ የሚተነፍሰው በሆዱና በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ነው፤ እርስዎ ደግሞ በጥጥ ደፍነውለታል። አምስተኛ ፎቅ ሲሄድ የሚድነው እነሱ ስላከሙት ሳይሆን ስላወለቁለት ነው፤ ምድር ቤት የሚሞተውም እኔ ስለነካሁት ሳይሆን እነሱ ስላለበሱት ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ ሁላችን ተሰብስበን ቻርጀርና ሶኬት ስንል መክረማችን ያሳፍራል፤ እኔንም ጨምሮ ነው። መቀስ አምጥቼ ማኅተሙን ቆረጥኩት፤ ካፖርቱን ገፈፍኩት። ደፋር ብለው ቢሰድቡኝ እቀበላለሁ። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ አንድም ቀን ሳይጠፋ፣ ሳንባን አልፈን፣ ደምን እግር አድርሰን፣ ኩላሊትን ያለ ምናምን ጨርሰን፣ የቀሩን ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነበሩ። አርብ ዳኛዋ ስትመጣ የታተመውን ሰጠኋት፤ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆና ስታነብ ጣቷ ወረቀቱ ላይ ይሮጥ ነበር፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

፭ኛ. ይህ ደስታዬ እንዳይበዛብኝ ማሰብዎ ደግሞ የበለጠ ያስመሰግንዎታል። በማግስቱ ቅዳሜ የቀረውን ልጨርስ ሥራ ገብቼ ሳለ፣ የንብረት ተቆጣጣሪዎችዎ ለድንገተኛ ፍተሻ ወርደው ላፕቶፑን ራቁቱን አገኙት። ጥፋቴ «የተቋሙን ንብረት ማራቆት» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ምክንያቱን ላስረዳ ብሞክር በሥነ ሥርዓቱ ቦታ የለውም ተባልኩ። የጀመርኳቸው ሁለቱ ምዕራፎች ተገልብጠው ይውጡልኝ ብዬ ብለምን፣ ፍላሽ ክልክል ነው ተባልኩ። አሁን ላፕቶፑ ካፖርቱን መልሶ ለብሶ፣ አዲስ ማኅተም ታስሮለት፣ ንብረት ክፍል መደርደሪያ ላይ ጠፍቶ ተቀምጧል። መቼም ማንም ስለማይከፍተው፣ ካፖርት ለብሶ ደህና የሚሆንበትን ብቸኛ ዘዴ መምሪያዎ አግኝቷል።

የምለምንዎ ነገር ቀላል ነው። ቅጣት የሚገባኝ ከሆነ ይቅጡኝ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴውም ይጥራኝ፣ ጫማዬን ወልውዬ እቀርባለሁ። ላፕቶፑን ግን ያለ ካፖርት ይመልሱልኝ። የቀሩት ሁለቱ ምዕራፎች ስለ ነርቭና ስለ ዘር ውርስ ናቸው፤ ዳኛዋም ባለፈው አርብ ስትሄድ የጠየቀችኝ ቀሪው መቼ እንደሚደርስ ነው። ሰኞ አልኳት። ይህን ያልኳት እርስዎን ሳላማክር ነው፤ ለዚህ ድፍረቴም ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ንብረትዎ ሁሉ ሳይጫር፣ ሳይቆሽሽና ሳይሠራ ለብዙ ዘመን እንዲቆይልዎ በመመኘት፣

ትሑት፣ ታዛዥና ለጊዜው ሥራ ፈት አገልጋይዎ፣
የብሬል መጻሕፍት አዘጋጇ
ከምድር ቤት

ግልባጭ፦ ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ሁሉም ቆሞ እንዲያነበው

ማስታወሻ፦ ላፕቶፑን ለማስረከብ አምስተኛ ፎቅ ወዳለው ቢሮዎ ተጠርቼ ስመጣ እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ጥቂት ደጅ ጠንቼ ነበር። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ጠረጴዛዎ ላይ ያለውን ላፕቶፕ ሳላስበው አየሁት፤ ካፖርት አልለበሰም። ለምን እንደሆነ ጸሐፊዎን ብጠይቃቸው፣ ቅን ሰው ናቸውና ምንም ሳይደብቁ፣ «የሳቸው ሲለብስ እየሞቀ ስለሚጠፋባቸው ገና ድሮ ነው ያስወለቁት» አሉኝ። እንግዲያውስ የእኔ እስኪለቀቅ ድረስ ለሁለት ምዕራፍ ያህል የእርስዎን ያውሱኝ። ዳኛዋ ሰኞ ስትመጣ በምድር ቤት ካጣችኝ አምስተኛ ፎቅ የእርስዎን ወንበር ይዤ እንደምታገኘኝ አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ ደረጃውን በደንብ ታውቀዋለች።