ሬዲዮው የሚጠራው ስም

እማዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ እንዴት አደረገሽ? ዝናቡ ሳይገባ ጣሪያውን እንዲጠግን የላክሁት አናጢ መጣ ወይስ እንደ ልማዱ "ነገ" እያለሽ ነው? እኔ ደህና ነኝ። ከእግሬ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም፤ እሱም ይሻለዋል ብለውኛል።

ወርደናል። በሬዲዮ እንደሰማሽ አውቃለሁ፣ ግን ከእኔም ስሚው። በሚመጣው ዓመት ቡድናችን የሚጫወተው ታችኛው ሊግ ውስጥ ነው። የታችኛውን ሊግ ደግሞ ሬዲዮ አያስተላልፈውም።

ይህ ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋኝም። ታናሽ ወንድሜን የቀበርን ሰሞን፣ ክለቡ ለወጣት ቡድን ሙከራ የጠራው እሱን ነበር። "አንተ ሂድ" አልሽኝ። እኔ ዕድሜዬ አልፏል ብልሽ፣ "በእሱ ስም ሂድ፤ ስሙ አብሮት አፈር አይግባ" አልሽ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ በእሱ ስም ነው የሚጠራኝ። አንቺም በስልክ እንደዚያው ነሽ፤ መጀመሪያ ሰው እንዳይሰማ ብለሽ ነበር፣ በኋላ ለመደብሽ። አሰልጣኙ "በዚህ ዕድሜህ እንዲህ የሚያስለከልክህ ምንድን ነው?" ሲለኝ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ዕድሜው የወንድሜ ነው፣ ጉልበቱ የእኔ። የቡድኑ ልጆች "አባባ" ይሉኛል። እነሱ ቀልድ መስሏቸው ነው።

የዘንድሮው ውድድር ሲጀመር ጥሩ ነበርን። ተከላካይ ሥራውን በደንብ ከሠራ ስሙ አይነሳም፤ የሬዲዮው ዘጋቢ የሚያወራው ስለ አጥቂዎቹ ነው። አንድ ቀን ሁለት ለባዶ አሸንፈን ስንመለስ አክስቴ ደወለችልኝ። "እናትህ እህል አልቀመሰችም። 'አንዴም ስሙን አላነሱትም፣ አሞት ይሆን?' እያለች ተክዛለች" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የእጅ ውርወራውን ሁሉ የራሴ አደረግኩት። ቅጣት ምት ስናገኝ ኳሷን ከአማካያችን ላይ ነጥቄ እመታለሁ። እሱ አፉ አያርፍም፤ "አባባ፣ በረኛነቱንስ ለማን ተውከው?" እያለ ያሾፍብኛል። ኳስ ሳልነካ ብዙ ከቆየሁ ደግሞ የሰው እግር እጠልፋለሁ። ቢጫ ካርድ ሲወጣ ስም ከነአባት ይጠራል። አክስቴም "ዛሬ ደስ ብሏት ዋለች" ትለኛለች። ቢጫው ሲጠራቀም እታገዳለሁ፤ እኔ በሌለሁበት ግብ ይቆጠርብናል። እንዲህ እያልን ከሰንጠረዡ መሐል ወደ ታች ተንሸራተትን።

አሰልጣኙ ቢሮው አስገብቶ በሩን ዘጋና "እውነቱን ንገረኝ፣ እንድንሸነፍ ማነው የገዛህ?" አለኝ። ምን ልበለው? እናቴ ሬዲዮ ታዳምጣለች ልበለው? "ማንም" አልኩት። እንዳላመነኝ ያስታውቅ ነበር፤ ግን ሌላ ተከላካይ አልነበረውም።

በመጨረሻው ጨዋታ አቻ ብንወጣ እንተርፍ ነበር። ጉልበቴ አብጦ ስለነበር በመርፌ አደንዝዘው አስገቡኝ። ባዶ ለባዶ እንደሆንን ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት አገኘን። አሰልጣኙ ከመስመሩ ላይ ሆኖ "አንተ ከቦታህ ንቅንቅ እንዳትል" እያለ ይጮሃል። አልሰማሁም አልልሽም። አንዲት ግብ ባገባ ሳምንቱን ሙሉ ስሙን ሲያነሱት ይከርማሉ ብዬ አሰብኩና ሄድኩ። ኳሷ ተመልሳ ወጣች። እኔ መቆም የነበረብኝ ቦታ ባዶ ነበር፤ አጥቂያቸው በዚያ በኩል ብቻውን አለፈ። ልደርስበት ስሮጥ ጉልበቴ ከዳኝ። ግቡን ሳሩ ላይ ተዘርሬ ነው ያየሁት።

መልበሻ ክፍል ውስጥ አማካያችን አልቀለደም። ጫማውን እየፈታ "እኔ እኮ ልጆች አሉኝ" አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

የዚያኑ ዕለት ማታ አክስቴ ደወለች። ዘጋቢው ስሙን እየደጋገመ ሲወቅሰኝ ማምሸቱን ከሌሎች ሰምቼ ነበር፤ "እናቴ እንዴት ሆነች?" ብዬ ጠየቅኳት። "'ዛሬስ ጠገብኩ፣ ሲጠሩት አመሹ' ብላ እራቷን በልታ ተኛች" አለችኝ። አንቺ ስለ እግሬ ጠይቀሽ እንደሆነም ጠየቅኳት። አክስቴ ስለ ጣሪያው ማውራት ጀመረች።

ውሌን አያድሱልኝም። ሐኪሞቹ ሲለቁኝ ወደ ቤት እመጣለሁ። ከታች ያለችውን ክፍል አስጠርጊልኝ፤ ደረጃ መውጣት ተከልክያለሁ። አክስቴን ለምን ነገርሽው ብለሽ እንዳትቆጪያት፤ ክፉ አስባ አይደለም።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በር ላይ ስትቀበዪኝ በራሴ ስም ጥሪኝ። ብዙ ዘመን ስላልሰማሁት ቶሎ አቤት ላልል እችላለሁ፤ ዝም ካልኩሽ ድገሚልኝ።

ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ቤትሽን ክፉ አይንካው።

የበኩር ልጅሽ