የሚያንቀላፋ ኮምፒውተር ስለመረጡልን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የግዢ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ስብሰባውስ እንዴት ይዞዎታል? እኔ ከቀኝ እጄ አንጓ በቀር ደህና ነኝ፤ የእጄን ነገር ወደ ታች እመለስበታለሁ። የወርክሾፑ ብረት ቆራጭ ነኝ፤ ምናልባት በኮሪደሩ ሳልፍ በዘይቱ ሽታ ያውቁኝ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው ልከስዎ ብዬ አይደለም፤ ቢሮዎ ብመላለስ ብመላለስ ስብሰባ ላይ ስለሆኑብኝ፣ ለማመስገን ሌላ መንገድ አጥቼ ነው። ብረት መቁረጫ ማሽናችንን የሚያዘውን አሮጌ ኮምፒውተር አንስተው፣ ማሽኑን አንዴም መጥተው ማየት ሳያስፈልግዎ፣ ጎኑ መስታወት፣ ሆዱ ባለቀለም መብራት የሆነ አዲስ ስለመረጡልን እግዜር ይስጥልኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም መብራቱን ሳይ ልቤ ጥፍት ብሎ ነበር። አጠገቡ ቆሜ ፎቶ ተነስቼ ለአማቴ ላክሁላቸው፤ ልጃቸውን ለሰው መዳራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባቸው። ችግሩ የመጣው የመኖሪያ ግቢያችን የውኃ ፓምፕ ማርሹ ተሰብሮ፣ ምትኩን እንድቆርጥ ስታዘዝ ነው። ኮምፒውተሩ ብረት ያስቆርጣል ብሎ ማን ያስባል?

አንደኛ፣ ማሽኑ ሲቆርጥ ኮምፒውተሩ ለሞተሮቹ ሳያቋርጥ ትእዛዝ መላክ ሲገባው፣ የእርስዎ ምርጫ ግን ኤሌክትሪክ ልቆጥብ እያለ በመሃል እንቅልፍ ይወስደዋል። ይህን ለማስተው የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል ኮሚቴው ዘንድ ስላለ፣ ኮሚቴው ደግሞ ስብሰባ ላይ ስላለ፣ ማውሱን ሳወዛውዝ እውላለሁ። ልጆቼን እሹሩሩ እያልኩ አስተኝቼ ያሳደግኩ ሰውዬ፣ በስተርጅና ኮምፒውተር እንዳይተኛ የማባብል ሞግዚት ሆኜ አረፍኩት። የእጄ አንጓም ያበጠው በዚሁ ነው።

ሁለተኛ፣ እያወዛወዝኩትም ቢሆን፣ ራሱን ማደስ፣ አፕዴት የሚሉትን፣ ሲያምረው ማንንም አያስፈቅድም፤ ትእዛዙ ለቅጽበት ይዘገያል፣ የማርሹም ጥርስ ይንሸዋረራል። ያበላሸኋቸውን ማርሾች ባለቤቴ ለበር ማስደገፊያ ወስዳቸዋለች፤ አሁን እቤታችን የሚዘጋ በር የለም።

ሦስተኛ፣ የማሽኑ ወፍራም ገመድ የሚገባበት ቦታ የለውም። በማገናኛ ላይ ማገናኛ ቀጥለንለት፣ ሰው ባስነጠሰ ቁጥር ይላቀቃል፤ እኔ ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል።

አራተኛውን ረሳሁት። በአንድ እጄ እያወዛወዝኩ ስለምጽፍ ይቅርታ ይደረግልኝ።

በዚህ መሃል ጎረቤቶቼ ጀሪካን ተሸክመው ዳገት ይወጣሉ፤ ባለቤቴም አብራቸው። ሰላምታ የነሱኝ አሉ። የቀሩት ሳልፍ ዛሬም አልነቃም ወይ ይሉኛል፤ ስለ ኮምፒውተሩ ይሁን ስለ እኔ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ቀልዱን ልተውና፣ ያሳፍረኛል ክቡርነትዎ። ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ስትገባ የምገባበት ይጠፋኛል።

ስለዚህ አሮጌው ይመለስልኝ። መልክ የለውም፣ ሌላ ሥራም አያውቅም፤ ግን ትእዛዝ ሲልክ አያዛጋም፣ ገመዱም ልኩ ነው። አሁን ጸሐፊዎ ቢሮ የአበባ ማሰሮ ተሸክሞ ቆሟል።

ኮሚቴው ለፈነጠቀልን ብርሃን፣ ባለቀለሙን ማለቴ ነው፣ ባበጠ እጄ እጅ እየነሳሁ፣

የእርስዎው ታዛዥ፣
የቀድሞው ብረት ቆራጭ፣ የአሁኑ የኮምፒውተር ሞግዚት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ ስብሰባዎ ስለረዘመ ሁለቱን ኮምፒውተሮች አቀያየርኳቸው። ጸሐፊዎን አይቆጧቸው፤ አበባውን ላጠጣ ነው ብያቸው ነው። ውኃ ከሌለበት ግቢ የመጣ ሰው አበባ ላጠጣ ሲል ግን መጠርጠር ነበረባቸው። ማርሹ ከምሳ በፊት ወጣ፤ ባለቤቴም ጀሪካኗን ሰቀለች። አዲሱ ኮምፒውተር አበባውን ተሸክሞ፣ እያሸበረቀ ተኝቷል። በዚያ ቢሮ ተኝቶ ማሸብረቅ የተለመደ ስለሆነ፣ እስካሁን ልዩነቱን ያስተዋለ የለም።