አሥራ አራተኛው ችካል

ቦንጋ፣ እሑድ የካቲት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ሣህሌ፣

ነገ ጠዋት መሥሪያ ቤት ሲከፈት አንድ ገጽ ጽሑፍ አስገባለሁ። ስምዎ አምስት ቦታ ተጠቅሷል። ሌላ ሰው ሳያነበው እርስዎ እንዲሰሙት ፈልጌ ይህን እጽፋለሁ። ካረፉ አምስት ወር ሆኗል። ቢሆንም ሃያ ዓመት ሙሉ እርስዎን ሳልጠይቅ አንድ ቦይ ቀይሼ አላውቅም፤ አሁንም አልለመደብኝም።

ባለፈው ሰኞ ለአፈርና ውሃ ጥበቃ የሙያ ብቃት ምዘና የሚቀርቡ ሰዎች ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። መዛኝ ስለሆንሁ መፈረም ነበረብኝ። አሥራ ሰባት ስም አለበት። ዘጠነኛው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ከጎኑ «በልኬት ስህተት ለሁለት ዓመት የታገደች» ይላል። ዘርትሁን ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት የልኬት ዘንግ የያዘችልዎት ዘርትሁን።

እርስዎ ይህን አያውቁም፤ ከተቀበሩ በኋላ የመጣ ነገር ነው። የሚያውቁትንም ቢሆን ግን ከመጀመሪያው ልንገርዎት፤ ምክንያቱም እኔና እርስዎ የምናውቀውን አንድም ቀን አውጥተን አልተናገርነውም።

በ1987 ከኮሌጅ ወጥቼ ቦንጋ ስመጣ እርስዎ የአፈር ጥበቃ ሥራ ካቦ ነበሩ። የመጀመሪያ ቦዬን ከማንኪራ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ቀየስሁ። መጥተው ከዳር እስከ ዳር ሄዱበትና፣ «ውቤ፣ ይህን ያስቆፈርኸው ውሃው ወደ መጣበት እንዲመለስ ነው?» አሉኝ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀብኝ። ከሳምንት በኋላ ዝናብ ጣለና ውሃው እውነትም ወደ መጣበት ተመለሰ፤ ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ።

ውሃ ልክ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሁለት ሰው አሥር ሜትር ተራርቆ ዘንግ ይይዛል፤ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጠራል፤ ሲባጎው መሐል ላይ ትንሿ ውሃ ልክ ትንጠለጠላለች። ሦስተኛው ሰው ውስጧ ያለችውን አረፋ ያያል። አረፋዋ መሐል ስትቆም «በቃ» ይላል፤ ችካል ይመታል። ለጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ሲባጎውን በታችኛው ዘንግ ላይ ከፍ አድርገን እያሰርን በየአሥር ሜትሩ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅታ እንሰጣለን። ካነሰ ውሃው ይተኛል፤ ከበዛ አፈሩን ይበላል።

አራት ቡድን በአንድ ተዳፋት ላይ ሲሠራ የአንዱ «በቃ» ለሌላው ይሰማል፤ ሰው በማያገባው ቃል ችካል ይመታል። የመጀመሪያውን ዓመት እኔን የማይለቅ ሳል ይዞኝ ነበር። እኔ አረፋዋን አያለሁ፣ እርስዎ ዘንግ ይይዛሉ። አረፋዋ መሐል እስክትቆም ትንፋሼን ይዤ እቆይና ስለቀው ያስለኛል። ቆይተው ቃሌን መጠበቅ ተዉ፤ ሳሉን ሲሰሙ ይመታሉ። ጉንፋኑ ለቆኝ እንኳ ሳሉ ምልክታችን ሆኖ ቀረ። ለሌሎቹ ካቦዎች «የእኛ ቡድን በጉንፋን ነው የሚሠራ» ይሏቸው ነበር።

የመስኮትዎን ጠርሙሶች ደግሞ ማን ይረሳል። በየክረምቱ ከሠሩት ቦይ ጫፍ የጎርፍ ውሃ ቀድተው መስኮት ላይ ያስቀምጣሉ። ውሃው ሲረጋ ከሥር የተቀመጠውን ጭቃ በጣትዎ ይለካሉ። አንድ ጣት ከሆነ ሥራው ደህና ነው፤ ሁለት ከሆነ አንድ ቦታ ጥፋት አለ። ወረቀት ቆርጠው ዓመቱንና ቦታውን ይለጥፉበታል። አንድ የበላይ ኃላፊ ለጉብኝት መጥቶ፣ ይሄ ጠላ ነው ወይስ ምንድን ነው ቢልዎት፣ «ሪፖርቴ ነው» አሉት።

በ2005 መጨረሻ ትእዛዙ መጣ። የብቃት ማረጋገጫ የሌለው ሰው የቦይና የእርከን ሥራ መምራት አይችልም ተባለ። ትእዛዙ ክፉ አልነበረም። በዘፈቀደ የተቆፈረ ቦይ ከጎርፉ የባሰ ጉዳት ሲያደርስ ሁለታችንም አይተናል። እኔም መዛኝነቱን የወሰድሁት አምኜበት ነው። ለእርስዎ ግን ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ሲቀርዎት ነው የመጣው፤ ወረቀቱን ካላገኙ የታሰበልዎት ሥራ የችግኝ ጣቢያው በር ጥበቃ ነበር።

ጥቅምት 2006 ለምዘና ስምዎ ሲጠራ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። መዛኝ ለተመዛኝ አይነሣም። ቅጹ ላይ ከተመዛኙ ጋር የሥራ ወይም የዝምድና ግንኙነት እንዳለኝ ይጠይቃል፤ «የለም» ብዬ ጻፍሁ።

የቃል ጥያቄውን እንደ እርስዎ የመለሰ አልነበረም። ጎርፍ ምን ይዞ ይሄዳል ቢባሉ አፈሩን፣ እበቱን፣ ማዳበሪያውን፣ ከመንገድ ዳር የሚፈሰውን የመኪና ዘይት ሳይቀር ዘርዝረው፣ የቱ የትኛው ምንጭ ውስጥ እንደሚገባ ተናገሩ። አብራኝ የምትመዝነው ባልደረባዬ መጻፏን ትታ አዳመጠችዎት።

ከዚያ ለተግባሩ ሜዳ ወጣን። ዘንግ ያዦቹ ቆሙ፤ እርስዎ መሐል ሆነው አረፋዋን ለማየት ጎንበስ አሉ። አፍንጫዎ ሲባጎውን ሊነካ ደረሰ። ዘንግ ያዡ ተዳፋቱን ወጣ ወረድ ይላል፤ እርስዎ ዝም። ከጎንዎ ቆሜ ዓይንዎን አየሁት። ሁለቱንም ሞራ ሸፍኖታል። ግንባርዎ ላይ ላብ ወጣ። እኔ አረፋዋ ትታየኝ ነበር። መሐል ላይ ስትቆም ሳልሁ።

«በቃ» አሉ።

አሥር ችካል መታን፤ አሥር ጊዜ ሳልሁ። ባልደረባዬ ጉንፋን ያዘህ እንዴ አለችኝ፤ አዎን አልኋት። ቅጹ ላይ «ብቁ» ብዬ ፈረምሁ። በር ላይ እጄን በሁለት እጅዎ ጨበጡኝ፤ ፊቴን ግን አላዩም።

ጋሽ ሣህሌ፣ ያላለፈ ሰው ቅጽ ላይ የሚጻፈው «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። «ገና» የሚለውን ቃል ስንት ቀን እንዳሰብሁት አይጠይቁኝ። ያ ሰው ከሦስት ወር በኋላ ተመልሶ መመዘን ይችላል። በሦስት ወር ጅማ ሄደው ሞራውን አስገፍፈው፣ አረፋዋን በራስዎ ዓይን አይተው መመለስ ይችሉ ነበር። ይህን አውቅ ነበር። በእርስዎ ስም ፊት «ገና» ብሎ መጻፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ፤ ያከበርሁዎት መስሎኝ። ወረቀቱን ከያዙ በኋላማ በምን አፍዎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳሉ? እሄዳለሁ ማለት ሲመዘኑ አያዩም ነበር ማለት ነው። መንገዱን የዘጋሁብዎት እኔ ነኝ።

በዚያው በጋ ከሺሺንዳ ወደ ዋጫ ከሚወስደው መንገድ በላይ ያለውን መቀልበሻ ቦይ ሰጡዎት፤ ሦስት መቶ ሜትር፣ ሠላሳ ችካል። እኔ አልነበርሁም።

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጣለ ዝናብ ሰበረው። ሰው አልሞተም። ጎርፉ የአልጣሽን የእንሰት ጓሮ ይዞ ወረደ፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ብቻዋን ተክላ ስድስት ዓመት የጠበቀችውን። ከታች ያለውን፣ አርባ ቤተሰብ የሚቀዳበትን ምንጭ በጭቃ ደፈነው። በማግሥቱ አካፋ ይዘው ሄዱ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ዝናብ ላይ ጭቃ ዛቁ፤ ሊያግዝ የመጣውን ሁሉ መለሱ። ምንጩ ሲጠራ እርስዎ ሆስፒታል ገቡ። ሳንባ ምች ነው ተባለ።

አልጋዎ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ያጣደፈዎት ሳል ፋታ ሲሰጥዎት ፊትዎን ወደ እኔ አዞሩ።

«ውቤ፣ ያ ሳልህ ተሻለህ?»

ተሽሎኛል አልሁዎት።

«ደግ» አሉና ዓይንዎን ጨፈኑ። በሦስተኛው ቀን ቀበርንዎት። ለቀብርዎ ከዋጫ ድረስ ሰው መጣ፤ ምንጭ ለማዳን የሞተ ሰው ተባሉ።

ኅዳር ላይ የቦዩን ጉዳይ የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔም አባል ነበርሁ። ቦታው ድረስ የሄደ የለም። አንዱ፣ ጋሽ ሣህሌ የብቃት ማረጋገጫ ያላቸው ባለሙያ ናቸው፤ በልኬት ሊሳሳቱ አይችሉም አለ። ማንም አልተቃወመም። ታዲያ ማን ቀረ? ዘንግ ያዥዋ ቀረች። ዘርትሁን ተጠርታ ገባች፤ «እሳቸው በቃ ሲሉ ችካል እመታለሁ፤ የእኔ ሥራ እሱ ነበር» ብላ ወጣች። ስህተቱ የእሷ ነው ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ማረጋገጫውን የሰጠሁት እኔ፣ አሥር ጊዜ የሳልሁት እኔ፣ ፈረምሁ። ከሥራ ተሰናበተች። አሁን ዋጫ ውስጥ አንድ መጋዘን በቀን ሂሳብ ቡና ትለቅማለች።

የተሰረዘ ስሟን ካየሁ በኋላ ሐሙስ ዕለት እቤትዎ ሄድሁ። ወረቀትዎ በፍሬም ሆኖ ከፎቶግራፍዎ ጎን ተሰቅሏል። ለእትዬ በዛወርቅ ሁሉንም ነገርኋቸው። ባለቤትዎ ሰምተው ሲጨርሱ፣ እሱ ያውቅ ነበር ወይ አሉኝ። ያውቁ ነበር አልሁ። ዓይናቸውን ወደ ፍሬሙ አነሡ።

«እዚህ ቤት የሚገባ ሰው አንጋጦ የሚያየው ያንን ነው። እሱን ልታወርድብኝ ነው የመጣኸው?»

ፈቃድዎን ልጠይቅ ነው አልኋቸው።

«አልፈቅድልህም። ስትሰጠውስ ማንን አስፈቀድህ?»

ልወጣ ስነሣ ቁጭ በል አሉኝ። ጓዳ ገብተው የጠርሙሶችዎን ሣጥን እየጎተቱ አመጡ። «ቤቴን የሞላውን ይህን ቆሻሻ ግን ውሰድልኝ» አሉ፤ ፊታቸውን አዙረው። የመጨረሻውን ጠርሙስ አይተውት ይሁን ሳያዩት አላውቅም።

የመጨረሻው ጠርሙስ ላይ ፊደሎቹ ተለቅ ተለቅ ያሉ ናቸው፤ መስመሩን ስተው ይወርዳሉ። ሌሎቹ ላይ ዓመትና ቦታ ብቻ ነው ያለው። እዚህ ላይ «2006፣ ሺሺንዳ፣ 14ኛ ችካል» ብለዋል። ጭቃው አራት ጣት ነው።

ትናንት ዋጫ ሄጄ ዘርትሁንን ከመጋዘኑ በር ጠራኋት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። «ደግሞ ምን ልታስፈርሙኝ ነው?» አለችኝ። ዘንግ እንድትይዝልኝ ነው አልኋት። ትንሽ አየችኝና መጣች።

ከተሰበረው ቦይ ስንደርስ አንዱን ዘንግ ተከልነው፤ ሌላውን እሷ ያዘች፤ እኔ መሐል ቆምሁ። ከአንደኛው ችካል ጀምረን ሄድን። አሥራ ሦስቱ ደህና ናቸው፤ ጋሽ ሣህሌ፣ ያለ ዓይን፣ በእግርዎና በልምድዎ ብቻ፣ አሥራ ሦስቱ ደህና ናቸው። አሥራ አራተኛው ላይ መሬቱ ሰው የሚያታልል ትንሽ እብጠት አለው። ችካሉ ከሚቀጥለው አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት ሲገባው ሰባት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሏል። ውሃው ወደ መጣበት እየተመለሰ እዚያ ተኝቶ፣ ተጠራቅሞ ነው ያፈረሰው።

ለኮሚቴው ለምን አልነገርሽም አልኋት።

«ምን ልበል?» አለች። «አያዩም ልበል? ጋሽ ሣህሌን?»

ሲባጎውን እየጠቀለለች ቆየችና ችካሉን በእግሯ ነካችው።

«እዚህ ስንደርስ ብዙ ቆሙ» አለችኝ። «ከፍ አልሁላቸው፣ ዝቅ አልሁላቸው፤ ዝም። ወደ ኋላቸው ዞር ዞር ይሉ ነበር። ሰው የሚጠብቁ ነው የሚመስሉት። ማንም አልነበረም። ከዚያ ‹በቃ› አሉ፤ መታሁት።»

አመስግኜ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኋት። ይጠብቁ የነበረውን አልነገርኋትም።

የነገው ጽሑፍ አጭር ነው። አይታይዎት እንደነበር፣ ሳሌን ሰምተው ችካል እንዳስመቱ፣ እኔ አውቄ «ብቁ» ብዬ እንደፈረምሁ፣ በኮሚቴውም ፊት እንደዋሸሁ፣ ዘርትሁን ምንም ጥፋት እንደሌለባት ይላል። መዛኝነቴን አስረክባለሁ። ስምዎ ይነካል፤ እትዬ በዛወርቅም ፍሬሙን ያወርዱ ይሆናል፤ ይቅር አይሉኝም። ጠርሙሱን ከጽሑፉ ጋር አያይዘዋለሁ፤ በራስዎ እጅ የጻፉት ሪፖርት ስለሆነ ከእኔ ቃል ይልቅ እሱ ይታመናል። ልኬቱን ሳያዩ የሳቱ፣ ስህተቱን ግን እስከ ችካል ቁጥሩ ያልደበቁ ሰው መሆንዎን ማንበብ የሚችል ያነበዋል።

ከቢሮ እንደወጣሁ የዋጫን አውቶቡስ እይዛለሁ። ዘርትሁን ማን ይጠበቅ እንደነበር ከእኔ አፍ መስማት አለባት።

ሳሉን አስለምዶ፣ አስጠብቆዎት የቀረው፣

ውባየሁ