ስለ ትልቁ ትምህርት ቤት ለጠየቅሽኝ

ሐረር፣ ፈላና በር
ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሶፊ ላለችው ታናሽ እህቴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረማችሁ? ከእርከኑ ላይ ወድቀሽ የተመታው ጉልበትሽ ተሻለሽ? የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢዋለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት ሰጠሽው? ልጆቹስ፣ ላሚቱስ? እዚህ ዝናቡ በዝቷል፤ እናንተ ጋ ጫቱን እንዳያበላሸው ዱዓ አደርጋለሁ። ባልሽን ሰላም በይልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ወገቤን ያመኛል፣ ዓይኔም ሲመሽ መስመር ያሳስተኛል፤ ከዚህ በቀር የምነግርሽ ሕመም የለኝም።

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ሙሜ ጠዋት ከሶፊ ጫት ሲያመጣ አብሮ አመጣልኝ። መደወል እችል ነበር፤ ነገር ግን የቤታችሁ ስልክ ባልሽ ኪስ ውስጥ ነው የሚውለው፤ እኔ የምለው ደግሞ በእሱ ኪስ በኩል የሚባል አይደለም። በቤታችን ቋንቋ ብጽፍልሽም ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ግን ፊደል የቆጠርኩት በአማርኛ ስለሆነ፣ ናዝራ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቋንቋችን እያዞረች ታንብብልሽ።

ናዝራ ሚኒስትሪ ማለፏን ጽፈሽልኛል። ማሻአላህ። አባቷ ደግሞ እንዲህ ማለቱን ጽፈሽልኛል፤ አክስቷ የምትሠራበት ትልቁ ትምህርት ቤት ጥሩ ከሆነ እሷ ዘንድ ሆና ትማር፣ ጥሩ ካልሆነ ግን ከጫቱ ሽያጭ በኋላ ለዓሊዪ ልጅ እድራታለሁ። እኔ የምለውን ሊሰማ ነው ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንም ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ የልጅ ዕድል በእኔ አፍ ላይ አስቀመጠ።

እንግዲህ ስለ ትምህርት ቤቱ ልንገርሽ። ወረቀቱን ሳታዪው አልቀረሽም፤ ሙሜ አንዱን ጫት ጠቅልሎበት ሶፊ ድረስ ይዞት እንደሄደ ነግሮኛል። በየዓመቱ ክረምት ላይ ለወላጆችና ለአዲስ መምህራን የሚበተን ባለ ቀለም ወረቀት ነው። ከላይ የግቢው በር ፎቶ አለበት። ለፎቶው በሩን በሳሙና ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሲያነሱት ግን ባልዲዬን ይዤ ዘወር እንድል ነገሩኝ።

ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ተማሪ አለን ይላል። እውነት ነው። የት እንደሚቀመጡ ግን አይልም። በሁለት ፈረቃ ተከፍለውም በአንድ ክፍል ሰባ ሰማንያ ልጅ አለ፤ ለሦስት በተሠራ ዴስክ ላይ አምስት ይጣበባሉ። ከኋላ ያሉት ሰሌዳው አይታያቸውም። እኔ ስጠርግ ከኋላ ዴስኮች ሥር የማወጣው የለውዝ ልጣጭ ነው። በየክፍሉ ፕላዝማ አለ ይላል። አለ። አቧራውን እወለውለዋለሁ፤ ከተበላሸ ስድስት ዓመቱ ነው። የተሟላ ቤተ ሙከራ አለ ይላል። የቤተ ሙከራው ቁልፍ እኔ ጋ ነው ያለው፤ ውስጡ የተሰበረ ወንበር እስከ ጣሪያው ተከምሯል።

ልምድ ያላቸው መምህራን አሉ ይላል። ልምድ ሲያገኙ ይሄዳሉ። አምና ኪሩቤል የሚባል የፊዚክስ መምህር ከደብረ ማርቆስ መጣ፤ ገና ልጅ ነው። በመጣ በሁለተኛው ቀን ቤተ ሙከራውን አሳዪኝ አለኝና ከፈትኩለት። ወንበሮቹን አይቶ ሳቀ። «እትዬ ሐዋ፣ ይሄ ወረቀት እኔንም ነው ያመጣኝ» አለኝ። «ታዲያ አትመለስም?» አልኩት። «በየትኛው ደሞዝ?» አለ። ከዚያ ወዲህ ከክፍል ሲወጣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ባጃጅ ይነዳል። ተማሪዎቹ ተሳፍረው የቤት ሥራ ሲጠይቁት፣ «ባጃጅ ላይ ፊዚክስ ታሪፉ ሌላ ነው» ይላቸዋል። ክፉ ልጅ አይደለም። በሰኔ መልቀቂያ አስገብቷል፤ በእሱ ቦታ እስካሁን የተቀጠረ የለም።

እኔም ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ግቢ ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አባታችን ወንዶቹን ትምህርት ቤት ላከ፤ እኔንና አንቺን ስፌት ላይ አስቀመጠን። ሰው ሲጠይቀኝ ይቅር ብዬዋለሁ እላለሁ። ይቅር አላልኩትም። መቅደስ የምትባል መምህርት ማታ ማታ አሥራ አንድ ሴቶች ስታስተምር፣ እኔ መጥረጊያዬን በር ላይ አስደግፌ እገባ ነበር። ዘበኛው ነስሮ ደብተሬን አይቶ «ሐዋ፣ መንጃ ፈቃድ ልታወጪ ነው?» ብሎ አሾፈብኝ። «አይ፣ አንተ መዝገቡ ላይ የምትጽፈውን ልቆጣጠር ነው» አልኩት። መቅደስ ተዛውራ ስትሄድ የማታው ትምህርት ተዘጋ። ወረቀቱ ላይ ግን አሁንም አለ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። የዛሬ አምስት ዓመት ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ ሽፈራው ቢሮው አስጠራኝ። ሌላ ጊዜ አንቺ ነው የሚለኝ፤ ያን ቀን እርስዎ አለኝ። «የጁገል እናቶች ስብሰባ ስንጠራ አይመጡም። እርስዎ ግን በአፎቻዎ፣ በሴቶቹ እድር፣ በየወሩ ያገኟቸዋል። ይህን ያንብቡላቸው» ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። የአፎቻው ቀን በሻርፕ ነጋዴዋ በሳዳ ቤት ነበር። ሃያ ሁለት ሴቶች ነደባው፣ መደቡ ላይ ተደርድረን ለሠርግ የሚዋጣውን ተነጋግረን እንደጨረስን፣ መነጽሬን አድርጌ ቆምኩ። ከመካከላችን ቁርኣን የሚቀሩ አሉ፤ የአማርኛ ወረቀት ሲመጣ ግን ወደ ባል ወይም ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። አንዲት የአፎቻ ሴት በራሷ መነጽር ስታነብ አይተው አያውቁም።

ሁሉንም አነበብኩ። ፕላዝማውንም፣ ቤተ ሙከራውንም። በጣቴ እየተከተልኩ ስለማነብ መዝለል አልችልም ነበር እያልኩ ራሴን አታልያለሁ። ውሸት ነው። የቤተ ሙከራው ቁልፍ በዚያች ሰዓት ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። ያነበብኩት ቤቱ ጸጥ ብሎ ስለሰማኝ ነው። በዕድሜዬ ሃያ ሁለት ሰው ዝም ብሎ ሰምቶኝ አያውቅም።

ስጨርስ ሳዳ «ሐዋ ካነበበችው ምን ጥያቄ አለው» አለች። በእኔ ቃል አምስት ሴት ልጆች ገቡ። አንዷ የሳዳ ልጅ አፍራ ናት፤ ደህና የምትማርበትን ትንሹን ትምህርት ቤት አስለቅቃ ነው ያመጣቻት። አምና ተፈተኑ። ከትምህርት ቤቱ ስድስት መቶ ተፈታኞች ያለፉት አሥራ አራት ናቸው። ከአምስቱ አንዷም የለችበትም። አፍራ አሁን ከእናቷ ጋር ሻርፕ ትሸጣለች፤ ሳልፍ ስታየኝ እቃ እንደምትፈልግ ሰው ጎንበስ ትላለች።

አፎቻ ሕግ አለው፤ ማንም አላባረረኝም። ለቅሶ ሲኖር ይጠሩኛል፣ ሠርግ ሲኖር ይጠሩኛል። ከጎኔ ግን የሚቀመጥ የለም። ባለፈው ወር ሳዳ በሁሉም ፊት «እህት ሐዋ፣ ዛሬስ ወረቀት አልያዝሽም?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። አቶ ሽፈራው ግን ዘንድሮም አዲሱን ወረቀት ሰጥቶኛል። አይሆንም ልለው አፌን ስከፍት፣ «የእርስዎ ውል የሚታደሰው መስከረም ላይ ነው አይደል?» አለኝ። ወረቀቱ እቤት አለ። እሁድ አፎቻው ሲሰበሰብ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ሳላነበው እቀራለሁ ብዬ ብጽፍልሽ ግን ሁለተኛ ውሸት ይሆናል።

ስለዚህ ጥሩ ነው ወይ ብለሽ ከጠየቅሽኝ፣ ጥሩ አይደለም። ናዝራ ብትመጣ አራት ዓመት ትማራለች፣ መጨረሻ ላይ ትወድቃለች፣ ወደ ሶፊ ትመለሳለች። ጎበዝ ናት ትይኛለሽ። አፍራም ጎበዝ ነበረች። ተስፋ አልሰጥሽም፤ ተስፋ የሰጠኋቸውን ሰዎች በየወሩ ፊት ለፊት አያቸዋለሁ።

በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ግን ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር አይቻለሁ። በሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል አይከፈትም። አባትም ይምጣ አጎት፣ ነስሮ ያለ ደብዳቤ አያስገባም፤ ሲቆጡት ይቆጣል፣ ጉቦ ሲሰጡት ተቀብሎም አያስገባም። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ጋ ሽማግሌ አይላክም አልልሽም። ይላካል፤ ተማሪ ናት ሲባል ግን ይመለሳል። አራት ዓመት ሲመላለስ የኖረ ሽማግሌም አውቃለሁ። እዚያ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ጥቂት ነው፣ መጽሐፉ ለአምስት ልጅ አንድ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱን ጠርጌ ስወጣ እኔ ራሴ ወደ ኋላ አላይም። በሩ ግን ይዘጋል። ስለ ትምህርት ቤታችን በአላህ ስም ምዬ የምናገረው ይህን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ናዝራ ደብዳቤ ስትጽፍልሽ አጠገቧ ተቀምጠሽ፣ በመጨረሻ እስክሪብቶውን ተቀብለሽ የምትሠሪያት የስፌት ጥለት አለች። እሷን ሳይ ነው አንቺን ያየሁ የሚመስለኝ። በዚህኛው ደብዳቤ ላይ ፈለግኋት፤ የለችም። እጅሽን ሥራ ይዞት ይሆናል። ወይም ሙሜ ቸኩሎ ይሆናል። ወይም ናዝራ ብቻዋን ጽፋው ይሆናል። አልጠይቅም፣ አንቺም አትጠይቂ።

ሙሜ ይህን ደብዳቤ በናዝራ እጅ እንጂ በሌላ ሰው እጅ እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። ባልሽ ባለበት ታንብብላችሁ። በጣም ረዘመ፤ ሁሉንም ማንበብ የለባትም፣ የከበዳትን ትለፈው። እኔ የሰጡኝን አንድ ሳላስቀር ያነበብኩ ሰው ምን እንዳተረፍኩ አይታለች። አባቷ አክስትሽ ምን አለች ብሎ ቢጠይቃት፣ የሚበቃውን ከዚሁ ውስጥ ፈልጋ ትንገረው።

ምዝገባው እስከ ጳጉሜ 4 ነው። የሚጠየቀው የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ መሸኛ፣ የልደት ሰርተፊኬትና አራት ጉርድ ፎቶ ነው። ፎቶውን ፈረስ መጋላ በአንድ ሰዓት ያደርሳሉ። መሸኛ እዚህ ርዕሰ መምህሩ የሚፈርመው ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብቻ ነው ብለውኛል፤ እናንተ ጋም እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። ሙሜ ከሶፊ የሚነሳው ከሱብሒ በኋላ ነው፤ ጋቢና ውስጥ አንድ ሰው ይይዛል። የእኔ ክፍል ጠባብ ናት፣ ዝናብ ሲበዛ በመስኮቱ በኩል ታፈሳለች፣ ፍራሽ ግን ሁለት አለኝ። ይህን የምጽፈው ስለጠየቅሽኝ ነው እንጂ ላኪያት ማለቴ አይደለም።

አላህ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ የቤትሽን ሰላም አይንሳሽ፣ ልጆችሽ የረገጡትን መሬት ያለስልስላቸው። እኔንም በዱዓሽ አትርሺኝ፤ ለእሁድ ደግሞ ለብቻው አድርጊልኝ።

ታላቅ እህትሽ፣
የናዝራም አክስት