ከአሜኑ በኋላ የቀረው ፒያኖህ

ታድዬ፣ የኔ ጌታ፣

እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ተያዘ። አንተ ያለህበት ደህና እንደሆንክ አምናለሁ፤ ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ከተለየኸኝ የዚህ አገር ብርድ ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ መጣ። እኔ እዚያው ሆላንድ፣ ዴንሃግ፣ እዚያው ትራንስቫል ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ። ያ የሚያፏጨው የሳሎን መስኮት ተቀየረ። አንተ በየዓመቱ ስትደውልላቸው ያልመጡት ሰዎች አንተ ከሄድክ በኋላ ሳይጠሩ መጡ፤ ተናድጄ ሻይ እንኳ አላቀረብኩላቸውም። ካፖርቶችህን ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሰጥቻለሁ፣ ቡናማው ብቻ ቀርቷል። ልጃችን ሳራ አምስተርዳም ኦስዶርፕ ቤት አግኝታ ወጥታለች፤ ግን በየቅዳሜው መጥታ ፍሪጄን ከፍታ ምን እንደበላሁ ትመረምራለች። እኔም አሁንም አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ወሬ ለማውራት አይደለም። ጨንቆኛል። አንድ ሰው እሺ ወይም እንቢ በይኝ ብሎ ሲጠብቀኝ ከረመ፣ ጉዳዩም ያንተ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንተን ነገር፣ ከሸሚዝህ በቀር፣ ሳልጠይቅህ ወስኜ አላውቅም።

ጣጣው የመጣው ከካሴቶችህ ነው። ጌታን የተቀበልን ሰሞን፣ ሮተርዳም ጉባኤው ፊት ቆመህ ዘፈን ትቻለሁ፣ ከእንግዲህ ጣቶቼ ለእግዚአብሔር ናቸው ብለህ መሰከርክ። ያኔ ዘፈን የተወ ሰው ሁሉ ካሴቱን ሰብሮ ይጥል ነበር። አንተ ግን ከድሮም ዕቃ መጣል አይሆንልህም። የካሴቶቹን ቀዳዳ በወረቀት ደፍነህ፣ አዲስ አበባ፣ በሆቴሎቹ ዘመን በፒያኖ የተጫወትከው ላይ በሙሉ የፓስተርን ስብከት ቀዳህበት። ኢትዮጵያዊ አማኝ ቤት ውስጥ ከስብከት በታች የተቀበረ ዘፈን ያላየ ማን አለ? እኔም ሁሉም እንደጠፋ አውቄ፣ ነገሩን ረስቼው ኖርኩ።

በጥቅምት አንድ ከሰዓት ልብስ እየተኮስኩ ስለ ኢዮብ የተሰበከውን ከፈትኩ። ኢዮብ ያጽናናኛል፣ እሱም ብዙ ያጉረመርም ነበርና። ፓስተር ጸለዩ፣ ሕዝቡ አሜን አለ፣ ካሴቱ ቀጭ አለ። እጄ ካውያው ላይ ስለነበረ አላጠፋሁትም። ትንሽ ጸጥ አለና አንተ መጣህ። ያ የሆቴሉ ፒያኖ፣ ግራ እጅህ ከሥር እየተንከባለለ፣ ቀኝህ ከላይ እያሾፈበት። ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የሥራ ልብሴ ተቃጠለ፤ ያነቃኝ ሽታው ነው።

ታውቃለህ፣ ቀብርህ ላይ የሕይወት ታሪክህ ተነቧል። የጉባኤው ሽማግሌዎች በፍቅር ነው የጻፉት፣ አላማቸውም። ትውልድህን፣ ስደትህን፣ አገልግሎትህን ሁሉ አነበቡና፣ አዲስ አበባ የኖርክበትን ዘመን "በልዩ ልዩ ሥራዎች ተሰማርተው" ብለው አለፉት። በዚያን ቀን ከልቅሶዬ ብዛት አልሰማሁትም። የቆጠቆጠኝ በኋላ ነው። ልዩ ልዩ ሥራ! አሥመራ ጎረምሳ ሳለህ፣ የአሜሪካ ወታደሮች በሚጠጡበት ቡና ቤት ስታስተናግድ፣ አንድ ጥቁር ወታደር ፒያኖ ላይ ሲቀመጥ ትሪህን ይዘህ ከኋላው ቆመህ ትቀር ነበር። ሪትም ኤንድ ብሉስ የሚባለውን አጨዋወት ከዚያ ሰው እጅ ላይ በዓይንህ ሰረቅከው። አዲስ አበባ መጥተህ የሆቴል ባንድ ስትገባ ትዝታን በዚያ በሚንከባለለው ግራ እጅ ትጫወተው ጀመር፤ ሰው ያልቅስ ወይ ይጨፍር ተቸገረ። እኔ ምድር ቤት የሆቴሉ ስልክ አገናኝ ነበርኩ። ጣሪያው ሲንቀጠቀጥብኝ አንተ እንደጀመርክ አውቅና የደንበኛውን መስመር አቆይቼ እሰማህ ነበር። ስንቱ ነጋዴ በኔ የተነሳ ሃሎ ሃሎ ሲል ኖሯል።

ከዚያ ሰዓት እላፊ መጣ። ጨፋሪው ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል በሩ ተቆልፎበት እስኪነጋ ትጫወትለት ነበር፤ ቆይቶ ጨፋሪውም ቀረ፣ ባንዱም ተበተነ፣ እኛም ተሰደድን። እዚህ ቢሮ ስታጸዳ አንድ አዳራሽ ውስጥ ፒያኖ አግኝተህ፣ ክዳኑን ሳትከፍት አቧራውን ብቻ ጠርገህ እንደወጣህ ነግረኸኛል። ያን ቀን እራት አልበላህም።

ጉባኤው ኪቦርድ ሲሰጥህ ነው መልሰህ ሰው የሆንከው። መዝሙሩን በሥርዓት ትጀምራለህ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ግራ እጅህ ያመልጥሃል፣ ልጆች ይዘላሉ፣ የጉባኤው እናቶች እነ እትዬ ወይንሸት ዞር ብለው ያዩሃል። አንተ ተለውጠህ ነበር፤ ግራ እጅህ ግን ንስሐ አልገባም።

ሳራ ቅዳሜ መጥታ ካሴቱን ሰማች። አባቷን የምታውቀው በመዝሙር ብቻ ነው። በስልኳ ቀድታ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው፣ ብዙም ሳይቆይ ዮስት የሚባል አምስተርዳም የሚኖር ሰው ጻፈላት። የድሮ ሙዚቃ እየፈለገ በሸክላ የሚያሳትም ሆላንዳዊ ነው። በእኛ አገር በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፒያኖ ተጫዋች እንደነበረ ሲወራ ሰምቷል፤ በጆሮው ሲሰማ ግን የመጀመሪያው ነው። ይታተም አለ። ደግሞም አስጠነቀቀኝ፤ ካሴቱ አርጅቷል፣ በተሰማ ቁጥር ከላዩ ይፋቃል፣ ደጋግመሽ አትስሚው አለኝ። እኔ ደግሞ በየቀኑ ስሰማህ ነበር። እየናፈቅኩ እየፋቅኩህ ኖሯል ብዬ ራሴን ያዝኩ።

ማንን ልጠይቅ? ሳራን ብጠይቃት፣ ማማ፣ ዱ ኒት ዞ ሙይለክ፣ ነገር አታክብጂ፣ ፓፓ ሙዚቀኛ ነበር፣ አለቀ አለችኝ። ሮተርዳም ከአምልኮ በኋላ እትዬ ወይንሸትን ባማክራቸው ደግሞ እጄን ያዝ አድርገው፣ ጋሽ ታደሰ ለጌታ ብለው የቀበሩትን አንቺ ቆፍረሽ ልታወጪው ነው ወይ አሉኝ። በክፋት አይደለም፤ አልቅሰው ነው ያሉኝ። ለዚህም ነው ከሆዴ ያልወጣው። እውነትም ለእግዚአብሔር የሰጠኸውን መልሼ ለዓለም ብሰጥብህስ? ስምህን አስነሳሁ ስል ቃልህን ባፈርስብህስ? ባቡር ውስጥ አስባለሁ፣ የሰው ቤት ሽማግሌ እያጠብኩ አስባለሁ። አንዷ አሮጊቴ፣ ዛሬ ውሃው ቀዘቀዘብኝ ብላ ጮኸችብኝ።

የቀሩትን ካሴቶች አንድ በአንድ አዳመጥኳቸው። ሁሉም ከስብከቱ በኋላ እስከ መጨረሻው ባዶ ናቸው። ስብከቱ ሲያልቅ መቅጃውን ሳታቆም ካሴቱ እስኪያልቅ እየለቀቅክ የቀረውን በዝምታ አጥፍተኸዋል፤ የጀመርከውን መጨረስ ልማድህ ነው። ታዲያ ይህችን አንዷን ለምን አቆምካት? ሆን ብለህ ነው፣ አሳዝናህ? ወይስ እኔ ከኩሽና ምሳ ቀርቧል ብዬ ጠርቼህ ነው? ታድዬ፣ ይሄን አሁን ማን ይነግረኛል?

ፓስተርም ዘንድ ሄድኩ። በከዘራ ነው የሚሄዱት አሁን። የእሳቸው ድምፅ ያለበት ካሴት ስለሆነ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ እኔ አሜን ካልኩ በኋላ ለመጣው ኃላፊነት የለብኝም አሉ። ቀጥለው ግን ሳቃቸውን ተዉና፣ ታደሰ ቃል የገባው ለኔ ስላልሆነ ልፈታውም ላስረውም አልችልም፣ ጸልዪበት አሉኝ። ጸለይኩ። ጭንቀቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ባለፈው ሳምንት ዮስት፣ ባትታተም እንኳ ሳትጠፋ ትገልበጥ ስላለኝ፣ ከሳራ ጋር አምስተርዳም ወሰድኩህ። በሻርፕ ጠቅልዬ፣ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ። ባቡር ጣቢያው ላይ ካርድ የሚያነበው በር ሲጮህ ካሴቱን የሚያጠፋብኝ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም ሳራ በእፍረት ጎተተችኝ።

ዮስት ካሴቱን በሁለት ጣቱ ተቀብሎ ማሽኑ ውስጥ ሲያስገባ ዓይኔን ጨፈንኩ። ይበላዋል ብዬ። አልበላውም። አሜን ተባለ፣ ቀጭ አለ፣ ፒያኖህ ክፍሉን ሞላው። ዘፈኑ ሲያልቅ እኔ ቤት ያለው አሮጌ ቴፕ ጨርሶ አሰምቶኝ የማያውቀው ነገር መጣ። ወንበር ሲጥ ሲጥ አለ። አንድ ሰው ሳለ። ከዚያ ያንተ ድምፅ፣ የወጣት ድምፅ፣ ትንሽ የተናደደ፤ "ቆይ፣ አልሆነም፣ ልድገመው።" እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ድምፅህን የሰማሁት ሆስፒታሉ አልጋ ላይ ነበር ለመጨረሻ ጊዜ፣ ያውም ጆሮዬን አፍህ ላይ አስጠግቼ። ይሄኛው ግን ሳንጋባ በፊት የነበረው ነው። ሳራ፣ ፓፓ ነው እንዴ ይሄ ብላ እጄን ጨመቀችው።

ዮስት ምን እንዳልክ ሳራን ጠየቃትና ነገረችው። ችግር የለም አለ፤ ንግግሩንም፣ ከፊት ያለውን ጸሎትም ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ንጹሕ ሙዚቃ ብቻ ይቀራል። እኔም አይቆረጥም አልኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሁለቱም ዞሩ። አሜኑም አይቆረጥም፣ አልሆነም ያለውም አይቆረጥም፣ ባለቤቴ እንደተወው ይውጣ፣ ሰው ሲሰማው ሁለቱንም ይስማ አልኩ። ይሄን ብዬ አፌን ስዘጋ ነው እሺ ማለቴ የገባኝ።

ስለዚህ ይወጣል፣ ታድዬ። ወሰንኩብህ። እሑድን እፈራለሁ፣ የእትዬ ወይንሸትን እንባ እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ አንተን እፈራለሁ፤ ሳትደግመው ዓለም እንዲሰማው ፈቅጄብሃለሁና። ቃልህን ካፈረስኩብህ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፈጣሪ ፊትም የምጠየቀው እኔ ነኝ። እኔ እስካለሁ ድረስ ግን ማን እንደነበርክ፣ ምን እንደተጫወትክ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። ተሳስቼ ከሆነ ስንገናኝ ተቆጣኝ። ቁጣህም ናፍቆኛል።

ያንተዋ አስኒ