የላከችልሽ ስኳር የእኔ ነው

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፀዲ። ልደታ ማርያም ባለሽበት ከክፉ ሁሉ ትጠብቅሽ፤ ብርዱንም ታቅልልልሽ። እኔ አጎትሽ ዱጉማ ከመላጣዬ በቀር ደህና ነኝ። በወረቀት ጽፌ በመንገደኛ እጅ የላክሁት እናትሽ ስልኬን ስለምትበረብር ነው።

በየጠዋቱ በቴሌግራም የምትልክልሽ የስኳር መለኪያ ፎቶ የእሷን ስኳር አያሳይም። የሚወጋው የእኔ ጣት ነው። «ከሁለት መቶ ካለፈ ትምህርቴን ጥዬ እመጣለሁ» ካልሻት ወዲህ፣ «ዱጉሜ፣ ጣትህን አምጣ» ትለኛለች። እኔ ሞኙም እንደ ቀልድ ሁለት ወር ሙሉ ሰጠኋት። «ጎበዝ እማዬ!» ስትያት የጎበዝኩት እኔ ነበርኩ።

ትናንት ጌጃ ሰፈር ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ውሃ አልጠግብ አለች፤ ዓይኗም ብዥ አለባት። በግድ የራሷን ጣት ወጋሁት፤ አራት መቶ አሥራ ስምንት! ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ኢንሱሊን ጀመሩላት። ዛሬ ጠዋት ገና ሁለት መቶ ስልሳ ነው። እሷ ግን «ዱጉሜ፣ የዛሬን ብቻ» ብላ ጣቴን ያዘች። እምቢ ስላት አለቀሰች።

ልጄ፣ እንዳትቆጫት። ቁጥሩ ስንትም ቢሆን ትምህርትሽን እንደማትተዪ ቃል ግቢላት። ከዚያ በየጠዋቱ በቪዲዮ እያየሽ ትለካ። ዕድሜሽን ያርዝመው። ደግሞ ፊቷን ብቻ አትመኚ፣ ጣቱንም እዪ፤ ፀጉር ካለበት የእኔ ነውና ጩኺ።