የላክሽው ጆግ አልተሰበረም

ልጄ ሔዋን፣ ብዕሩን የያዙት መሪጌታ ገዳሙ ናቸው፤ ቃሉ ግን የኔ የአባትሽ የአበረ ነው። የደብረ ወርቋ ማርያም ከክፉ ትሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም አምሯል።

በእጅሽ የሠራሽው ጆግ ደረሰ! እሑድ ማኅበሩ እኔ ቤት ነበርና ጠላ ሞልቼ ይዤው ወጣሁ። መሪጌታ ሳቁና «አበረ፣ ልጅህ ባሕር የተሻገረችው ለፕላስቲክ ነው?» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ጆጉን ጠላ እንደያዘ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ወረወርኩት። ጠላው ፈሰሰ፤ ጆጉ ግን ነጠረ እንጂ አልተሰነጠቀም! በበቅሎም አስረገጥኩት፤ ምንም አልሆነ!

ያመጣችው ጓደኛሽ «ደረቁን ፕላስቲክ ጎማ ከመሰለ ነገር ጋር ቀላቅላ ነው» አለችኝ። ለካ የኛው ብልሃት ነው! ጭድ የሌለው ጭቃ ግድግዳ ላይ ሲደርቅ ይተረተራል፤ ጭድ ሲገባበት ግን ስንጥቁ አይሄድም።

ባለፈው «ይህን የፕላስቲክ ትምህርት ተይና ነይ» ያልኩሽን ሽሬዋለሁ። ጨርሺው! ብቻ ብርዱን ተጠንቀቂ፤ በባዶ ሆድሽም አትዋዪ። እግዜር እጅሽን ይባርከው። ከቻልሽ ለመሪጌታም አንድ ጆግ ላኪላቸው።

በሉ መሪጌታ፣ መልሰው ያንብቡልኝ፤ «ጨርሺው» ያልኩት መግባቱን በጆሮዬ ልስማ።